ሦስተኛው ድንኳን

ጥር 16 ቀን 1975

ልብስ አጠብሁ። ጽጌ ሳሙናዬን ጨርሳ፣ "አንቺ፣ ሳሙናሽ ቶሎ ያልቃል" አለችኝ… እሷን ምን ይሏታል? እዚህ ባሕር ዳር፣ በተማሪዎች ማደሪያ አንድ ክፍል ውስጥ መኖር ከጀመርን አራተኛ ወራችን ነው። አባቷ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናቸው፤ እሷ ደግሞ የግቢው ሬዲዮ። ስትነቃ ትዘፍናለች፣ ስትታጠብ ትዘፍናለች፣ ፈተና ላይ እንኳ በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች።

ከሰዓት በኋላ ጂኦግራፊ ነበረን። መምህር ገብረ ኪዳን ጠመኔውን አስቀመጡና፣ "የአባይን በረሃ ከመጽሐፍ ላይ ስታነቡልኝ ሰለቸኝ" አሉ። ለዕረፍቱ ሳምንት ስምንት ተማሪ ይዘው ሊወርዱ ነው። በሞጣ በኩል፣ በእግር፣ እስከ ሰባራ ድልድይ። ድንኳን ተክሎ ማደር! ልቤ ዘለለ። ከዚያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ያሉን ድንኳኖች ሁለት ናቸው፤ ለጊዜው ወንዶች ብቻ።"

አለበል ወዲያው ወረቀት አውጥቶ ስም መመዝገብ ጀመረ። የክፍል አለቃችን ነው፤ የአዴት ልጅ፣ ትከሻው በር የሚያክል። "ሴት ካለችበት መንገዱ አያልቅም" ሲል ሰማሁት። ለእኔ ብሎ አይደለም፣ ለራሱ ነው የተናገረው… ግን ሰማሁት።

እጄን እንኳ አላነሣሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ተናግሬ አውቃለሁ? አፌን ማን ሰፋው?

ጥር 17

ከቁርስ በፊት መምህር ገብረ ኪዳን ቢሮ ሄድሁ። በሩ ድረስ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመለስሁ። በአራተኛው እሳቸው ራሳቸው ከፈቱት።

"ምነው ዘይነት፣ በሬን ትዞሪው ጀመር?"

"ሦስተኛ ድንኳን ቢኖር…" ድምፄ አልወጣም።

"ምን አልሽ?"

"ሦስተኛ ድንኳን ቢኖር ሴቶችም እንሄዳለን ወይ?"

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ዕቃ ግምጃ ቤት ወሰዱኝ። ጥግ ላይ አንድ የተጠቀለለ ሸራ አለ፤ ከዕድገት በኅብረት ዘመቻ የተረፈ ነው አሉኝ። ስንዘረጋው አይጥ ዘላ ወጣች። መምህር ከእኔ ብሰው ደነገጡ። "ይኼ እንኳን ለሰው ለአይጥም አይሆን" አሉ። ቀዳዳውን ቆጠርሁት። ሃያ ሦስት።

"ብሰፋውስ?"

ቆመው አዩኝ። "ከሰፋሽው ትሄጃለሽ፤ አንቺና አንዲት ጓደኛ። ግን የአባትሽን ፈቃድ ከራሳቸው አፍ እሰማለሁ።"

በመጀመሪያው ደስ አለኝ። በሁለተኛው ግን… አባባን ምን ብዬ?

ጥር 20

ጁምዓ። ሰግጄ እንደተመለስሁ እስኪመሽ ስሰፋ ዋልሁ። መርፌውን ግሽ አባይ ሰፈር ካለ ጆንያ ነጋዴ አገኘሁት፤ የጣት ያህል ይረዝማል። ሲባጎውም ከዚያው። ወረታ ያደግሁት በሱቃችን በረንዳ ላይ ከሚሰፉት ልብስ ሰፊ እግር ሥር ስለሆነ እጄ ነገሩን ያውቀዋል። ሸራ ግን ሌላ ነው፤ ይታገላል። ጽጌ ሁለት ጊዜ ጣቷን ወግታ ሁለት አዲስ ዘፈን አወጣች።

መጠገኛው የዱቄት ጆንያ ነው፣ ከምግብ ቤቱ ለምነን። የድንኳናችን ጣራ ላይ አሁን "የተጣራ ክብደት 50 ኪሎ" የሚል ጽሑፍ አለ። "እኔን ነው" አለች ጽጌ።

አሥራ ሰባት አለቀ። ስድስት ቀረ።

ጥር 22

እሑድ። ድንኳኑን ተሸክመን ሐይቁ ዳር ሄድን፣ መትከል ልንለማመድ። በአንድ በኩል ስናቆመው በሌላ በኩል ይተኛል። ከጣና የሚመጣው ነፋስ እንደ ጉድ ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም ጽጌን ጠቅልሏት ወደቀ፤ ከውስጥ ስትጮኽ ይሰማል። በታንኳ የሚያልፉ ሁለት ዓሣ አጥማጆች መቅዘፋቸውን ትተው ያዩናል።

"እህቶች፣ ሠርግ ነው ልቅሶ?"

"ሠርግ ነው! ሙሽራው ነው የጠፋብን!" አለች ጽጌ፣ ራሷን ከሸራው ሥር ብቅ አድርጋ። ሰዎቹ ከሳቃቸው የተነሣ ታንኳቸው ሊገለበጥ። እኔም ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ። እንዲህ ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው?

አለበል በዚያ በኩል ሲሮጥ መጣ፤ ጠዋት ጠዋት ይሮጣል። ቆሞ አየን። አሁን ያሾፍብናል ስል ድንጋይ አነሣና አንዱን ካስማ ወደ ኋላ አጋድሞ መታው። "ቀጥ ካለ ይነቀላል፤ ይጋደም" አለ። አራቱንም እንደዚያው። ከዚያ ሮጦ ሄደ። ደህና ዋሉ እንኳ አላለም። ምን ዓይነት ሰው ነው?

ድንኳኑ ግን ቆመ። ውስጡ ገብተን እየተያየን ተቀመጥን፣ ሁለት ንግሥት።

ጥር 25

አባባ ዕቃ ሊጭኑ ከወረታ መጡ። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥን። ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገርኋቸው፣ ካቆምሁ የማልጨርሰው ስለመሰለኝ።

"በረሃ?" አሉ።

"አዎ አባባ።"

"ድንኳን ውስጥ?"

"ከጽጌ ጋር። የሴቶች ድንኳን አለ። እኔ ነኝ የሰፋሁት።"

ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳሩ ከሟሟ ቆየ፣ እሳቸው ያማስላሉ። አባባ እንዲህ ናቸው፤ ሌላው አሥር ቃል የሚናገርበትን በአንድ ይጨርሱታል፣ አንዱንም ቆጥበው።

"ሥጋስ?"

"የክርስቲያን እርድ አልበላም። ሽሮ እንይዛለን።"

"ሶላት?"

"አልተውም።"

ተነሡ። "ወደ መምህሩ ውሰጂኝ" አሉ። ወሰድኋቸው። ሁለቱ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ ከሩቅ አያለሁ። ቃል አይሰማኝም። እምቢ ቢሉስ? እምቢ ካሉ የቀረው ዓመት እንዴት ያልፋል?

ከዚያ መምህር ድንኳኑን አስወጥተው ዘረጉላቸው። አባባ ተንበረከኩ። ሱቅ ውስጥ ጨርቅ እንደሚፈትሹት አድርገው ስፌቱን በሁለት አውራ ጣታቸው ይዘው ሳቡት። አንዱን። ሌላውን። ሃያ ሦስቱንም! ቀና አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

"ስፌቱ ይይዛል" አሉ።

ይኸው ነው። ፈቀዱ ማለት ነው? መምህር ከኋላቸው ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁልኝ። ሊሄዱ ሲሉ አባባ ገበያ ገብተው ሸራ ጫማ ገዙልኝ። አንድ ቁጥር ይሰፋኛል። ካልሲ እደርባለሁ።

የካቲት 1

ሞጣ ደረስን፤ ከዚያም አልፈን ገደሉ አፋፍ ላይ ሰፈርን። በጭነት መኪና ጀርባ ስድስት ሰዓት። አቧራው ሁላችንንም አንድ መልክ አድርጎናል። ስምንት ወንድ፣ ሁለት ሴት፣ መምህር፣ ሦስት ድንኳን፣ ሁለት ከረጢት ሽሮ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ጠመንጃ ካነገቡ ሁለት ሰዎች ጋር መጡ። ድንኳኖቹን አይተው ደንግጠዋል።

"የየትኛው ጦር ናችሁ?"

"ተማሪዎች ነን፣ ጓድ" አሉ መምህር፤ መሸኛ ደብዳቤውን ሰጧቸው። ማኅተሙን አገላብጠው አዩት።

"ምን ልታደርጉ?"

"ገደሉን ልናይ።"

ሊቀ መንበሩ ወደ ገደሉ ዞረው አዩ። ወደ እኛ ዞሩ። "ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ገደል ነው፤ ለማየት ብሎ የመጣ ሰው ግን ገና ዛሬ አየሁ" አሉ። ከዚያ የኛን ጣራ አነበቡ። "አምሳ ኪሎ ምንድን ነው?" ጽጌ እጇን አወጣች። እስኪያስላቸው ሳቁ። በኋላ የሞላ አንድ ቅል እርጎ ላኩልን።

የካቲት 2

ወረድን። ወረድን። አሁንም ወረድን…

ከላይ ቀዝቃዛ ነበር፣ ካፖርት ያስለብሳል። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሹራብ አወለቅን። ቀጥሎ አየሩ ራሱ እንደ ምድጃ አፍ ሆነ። ሣሩ ደርቆ ይንኮሻኮሻል፤ ድንጋዩ በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። መምህር በየመታጠፊያው ያቆሙናል። "ይህ ጥቁሩ ምንድን ነው? ይህ ነጩስ?" የድንጋዩን ንብርብር በዱላቸው እየነኩ ስንት ሺህ ዘመን እንደወረድን ይነግሩናል። ሃምሳ ዓመት ሞልቷቸዋል፤ እንደ ፍየል ነው የሚወርዱት። "ልብ በሉ፣ ቀትር ላይ በረሃ ውስጥ የሚንቀሳቀስ እንስሳ የለም። ሞኙ ሰው ብቻ ነው" አሉና ስድስት ሰዓት ላይ ጥላ ሥር አሳረፉን።

ዙህርን ልሰግድ ስል ቂብላው ጠፋኝ። ገደል ለገደል ሲዞሩ የዋሉበት ቦታ ምኑ ይታወቃል? መምህር ሳልጠይቃቸው ኮምፓሳቸውን አወጡ። "መካ በዚህ በኩል ናት። ሰሜን፣ ትንሽ ወደ ምሥራቅ" አሉ። ወንዶቹ ያለማንም ትእዛዝ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ፣ ጽጌም ዘፈኗን አቆመች።

ማታ ከመሆኑ በፊት አባይ ዳር ሰፈርን። ባሕር ዳር ድልድይ ላይ ቆሜ በየቀኑ የማየው ውሃ ይኼ ነው? እዚያ የተረጋጋ ሽማግሌ ነው፣ እዚህ ያገሣል። ይሁን እንጂ እግሬን ነከርሁበት።

የካቲት 3

እንዴት ልጻፈው?

ሰባራ ድልድይ። የጥንት ድልድይ ነው፤ ከዚህም ከዚያም ያለው ቆሟል፣ መሀሉ የለም። መሀሉ አየር ነው። ከሥር ውሃው ነጭ ሆኖ ይፈላል። የአገሩ ሰው ታዲያ በገመድ ይሻገራል። በዚህ ዳር የቆሙት ገመዱን ወገብህ ላይ ያስሩና ይለቁሃል፤ በዚያ ዳር ያሉት ይጎትቱሃል። ገበያተኛው፣ እርጉዝዋ፣ ፍየሉ… ሁሉም እንዲሁ።

"የምትፈልጉ ብቻ" አሉ መምህር። አለበል መጀመሪያ ሄደ። ቢያዝን ሁለተኛ፤ ቢያዝን የሐይቅ ዳር ልጅ ነው፣ ዝምተኛ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ መንጠቆ አለ። ጽጌ፣ "እኔ አምሳ ኪሎ ነኝ፣ ገመዱ አይችለኝም" ብላ ድንጋይ ላይ ተደላደለች።

እኔስ? ያ ማዶ ጎንደር ክፍለ ሀገር ነው። አገሬ። ወረታ በዚያ በኩል ናት።

"እኔ እሄዳለሁ" አልሁ።

የገመዱ አለቃ አቶ ወልደ ገብርኤል የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ መዳፋቸው ቅርፊት ነው። ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ አጠበቁ።

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የወረታው ሙሀመድየሱፍ።"

"በይ አይዞሽ ልጄ። ታች አትይ። ማዶ ያለውን ሰው ግንባር እይ።"

ማዶ ያለው ሰው አለበል ነበር፤ ከጎታቾቹ ጋር ገመዱን ይዟል። እግሬ ድንጋዩን ሲለቅ… ቢስሚላህ አልሁ፣ ወይስ ጮህሁ? አላውቅም። መሀል ላይ ታች አየሁ። ለምን አየሁ! ሁሉም ነገር ከሥሬ ይሮጣል፤ እኔ ብቻ ተንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። ከዚያ አንድ ነገር ሆነ። ፍርሃቱ ጥሎኝ ሄደ። ቀለለኝ። መሳቅ ጀመርሁ፣ አየር ላይ፣ ብቻዬን! አለበል ክንዴን ይዞ ሲያወጣኝ እየሳቅሁ ነበር።

"አበድሽ እንዴ?" አለ።

"አገሬ ገባሁ!" አልሁት።

ማዶ ያሉ ገበሬ አንድ ዶሮ ሰጡን፣ ለእንግዳ። ተመልሰን ሰፈራችን ስንደርስ አንዱ ቢላዋ አወጣ። አለበል እጁን ያዘው። "ዘይነትስ?" አለ። ሁሉም ቆሙ። እኔ ተሳቀቅሁ፤ ግድ የለም ብሉ፣ እኔ ሽሮ አለኝ አልሁ። "እሷ የማትበላው ነገር እዚህ ድስት ውስጥ አይገባም" አለና ዶሮዋን ፈታት! ሮጣ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባች። ሁላችንም አፋችንን ከፈትን። ዶሮዋን መፍታት እንኳ አላስፈለገም ነበር…

ቢያዝን ምንም ሳይናገር መንጠቆውን ከኪሱ አውጥቶ ወደ ወንዙ ወረደ። አሥር ሰዓት ላይ ሰባት ዓሣ። እርድ የለ፣ ክርክር የለ። ጣታችንን እስክንልስ በላን።

የካቲት 4

ዛሬ ሰው ልናጣ ነበር። በተርታ ልጻፈው።

ዘግይተን ተነሣን፤ ጥፋቱ የሁላችንም ነው፣ ወንዙን መሰናበት አቃተን። ዳገቱ ላይ የጽጌ ተረከዝ ውሃ ቋጠረ፣ እያነከሰች ወደ ኋላ ቀረች፣ መምህርም አብረዋት። የራሳቸውን ውሃ ለእሷ ሲያጠጡ ማንም አላየም። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ጽጌ ጮኸች። ሮጠን ወረድን።

መምህር መንገድ ላይ ተቀምጠዋል። ፊታቸው እንደ ጡብ ቀልቷል፤ ላብ የሚባል የለም፣ ቆዳቸው ደረቅ ነው። ጽጌን "ወለተ ኪዳን፣ በሩን ዝጊው" ይሏታል። ወለተ ኪዳን ባለቤታቸው ናቸው፣ ባሕር ዳር።

አለበል ጎንበስ አለ። "አዝላቸዋለሁ። ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው፣ ላይ ሰው አለ።" ሊያነሣቸው እጁን ዘረጋ።

"አይሆንም!"

ማን ነው የተናገረው? እኔ። ገደሉ መልሶ ጮኸልኝ… አይሆንም… ሆንም… ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ምን ማለትሽ ነው? እዚህ ይሙቱ?"

"በዚህ ፀሐይ ካወጣሃቸው ነው የሚሞቱት። ራሳቸው ምን አሉን ከትናንት በስቲያ? በቀትር የሚንቀሳቀስ የለም አላሉም? ድንኳን ትከሉ። አሁን!"

"ማን አዛዥ አደረገሽ?"

"ማንም። ካስማውን አምጣ።"

ለአፍታ ተፋጠጥን። ፈርቼ ነበር? አልነበርሁም መሰለኝ፤ ጊዜ አልነበረኝም። አለበል ካስማውን አመጣ። ከሸክሙ ሁሉ በላይ የነበረው የኛ ድንኳን ስለሆነ እሱን ተከልነው፣ ሁለቱን ጎን ከፍተን፣ ነፋስ እንዲያልፍ። የቀረችንን ውሃ ሰብስቤ ትንሽ ትንሽ አጠጣኋቸው፣ በቀረው ሻሼን ነክሬ አንገታቸውና ብብታቸው ላይ አደረግሁ። ወንዶቹ በሸሚዛቸው ያራግባሉ። ውሃው አለቀ።

"እኔ እወርዳለሁ" አለ አለበል። ሁለት ጀሪካን አንጠልጥሎ ከቢያዝን ጋር ያንን ሁሉ የወጣነውን መልሶ ወረደ። በቀትር። ያልሁትን ሁሉ ለመምህር ብሎ ሻረው… ልከለክለው አልቻልሁም።

ጽጌ ከእግራቸው ሥር ተቀምጣ ታለቅሳለች። "እኔ ነኝ የጠጣሁባቸው።" እኔ ሻሹን አገላብጣለሁ፣ ይደርቃል፣ አገላብጣለሁ። በልቤ የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አልሁ። እንደገና ጀመርሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ከታች ድንጋይ ሲንከባለል ሰማን። አለበል! ቢያዝን ከኋላው ነው። የአለበል ከንፈር ተሰነጣጥቆ ደምቷል፤ ጀሪካኑን ከፊቴ አስቀመጠና ተዘረጋ። "ይኸውልሽ፣ አዛዥ" አለ።

ውሃውን አፈሰስንባቸው፣ አጠጣናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ላብ ግንባራቸው ላይ ፍንጥቅ ሲል አየሁ። ላብ አይቼ አልቅሼ አላውቅም ነበር። ዓይናቸውን ገልጠው ጣራውን ለረጅም ጊዜ አዩት። "የተጣራ ክብደት…" ብለው አነበቡ። ከዚያ፣

"ቅድም 'አይሆንም' እያለ የጮኸው ማነው?"

"እኔ ነኝ መምህር። ይቅርታ።"

"ሁለት ዓመት ሙሉ ይኼን ድምፅ የት ደብቀሽው ነበር?"

ያ ሁሉ ሰው፣ የፈራው ሁሉ፣ እንደ እብድ ሳቀ። ጽጌ በእንባዋ ላይ ሳቀች። ጥላው ገደሉን ሲሸፍነው ቀስ ብለን ወጣን፤ መምህር በአለበልና በቢያዝን መሀል፣ ጽጌ በእኔ ትከሻ። ፀሐይ ስትገባ አፋፉ ላይ ነበርን። ሊቀ መንበሩ ቆመው ይጠብቁናል። "አያችሁት ገደሉን?" አሉ።

"አየነው!" አልን በአንድ ድምፅ።

የካቲት 5

ባሕር ዳር። ታጠብሁ። ተኛሁ። መምህር ሐኪም ዘንድ ሄዱ፤ ደህና ናቸው አሉን።

የካቲት 9

ለክፍሉ ሪፖርት ማቅረብ ነበረብን። አለበል ወረቀቱን ዘረጋልኝ። "አንቺ አቅርቢው" አለ። "ለምን?" "በረሃው እንኳ መልሶልሻል" አለ፤ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። አርባ ሦስት ደቂቃ ተናገርሁ። ደወል ባይደወል አላቆምም ነበር።

የካቲት 13

ወረታ፣ ቤት። ጠዋት በአውቶቡስ መጣሁ። ታናሽ እህቴ ሰዓዲያ ጫማዬን አውልቃ ተረከዜን ፈተሸች። እናቴ ጠቆርሽ ብላ ፊቴን ቅቤ ቀባችኝ።

እንግዶች ነበሩ፣ የአባባ የንግድ ወዳጆች፣ አራት ሽማግሌዎች። እንግዳ ሲኖር እኔ ጓዳ ነኝ፤ ምግብ አቀብዬ እመለሳለሁ። ዛሬም ትሪውን አስቀምጬ ልወጣ ስል አባባ ጠሩኝ።

"ዘይነት። ተቀመጪ።"

የት? ቦታ አሳዩኝ፣ አጠገባቸው። "ልጄ ሰባራ ድልድይን ተሻግራለች" አሏቸው ለሽማግሌዎቹ። እኔ ሳልነግራቸው! መምህር ደብዳቤ ጽፈውላቸው ኖሯል። አንደኛው ሽማግሌ፣ ሐጂ፣ አላመኑም። "በገመዱ? ሴት ልጅ?" አሉ። "ራሷ ትንገርህ" አሉ አባባ።

ጀመርሁ። መጀመሪያ ወደ መሬት እያየሁ። ከዚያ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ድንጋዩ፣ ስለ ሊቀ መንበሩ ስናገር ሐጂ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ፤ እኔም ቀና አልሁ። እናቴና ሰዓዲያ ከጓዳው መጋረጃ ወጥተው ቆሙ። ድልድዩ ላይ ደረስሁ። ገመዱ ወገቤ ላይ ታሰረ፣ እግሬ ድንጋዩን ለቀቀ… ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም አልሁ።

ምግቡ በርዷል፤ የነካው የለም። አባባ ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

"ከዚያስ?" አሉ።

እስከ መግሪብ ሶላት ነገርኋቸው።